የማጀት ትምህርት

ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገለጸው በሚመገበው ነገር ነው። እህሉ ከመሬት፥ ውኃው ከምንጭ፥ ማገዶው ከዛፍ ይገኛል፤ እነዚህም ተዋሕደው የሰው ሕይወት የሚሆኑት በማጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ልጆች መሬትን፥ ዘርንና ዛፍን መንከባከብን ከወዴት ተማሩ ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ከጥቁር ሰሌዳ በፊት በምድጃ ዙሪያ የሚገኝ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ቤተሰብ ማጀት ስም ያልወጣለት፥ ደወል የማይደወልበት፥ የምስክር ወረቀት የማይሰጥበት፥ ነገር ግን ለብዙ ዘመናት ትውልድን ያስተማረ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል።

ይህ ሲባል ያለፈውን ሁሉ በደፈናው ለማወደስ አይደለም። ዘሩን ጠብቆ ያቆየው ማጀት ደኑንም ያነደደ ማጀት ነው። የልጆችን እጅ ለሥራ ያለማመደው ምድጃ የልጃገረዶችንም ጀርባ ያጎበጠ ምድጃ ነው። በመሆኑም የማጀትን ትምህርት ታሪክ በሚገባ ለመረዳት ሁለቱንም ገጽታ ጎን ለጎን መመልከት፤ ትምህርቱ የጸናው በምን እንደሆነ፥ የተሰበረውም በምን ምክንያት እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ማስቀረት

በገበሬው ማጀት ልጅ ከሚማራቸው ትምህርቶች ዋነኛው አበላል ሳይሆን ማስቀረት ነው። ጤፍ ተቦክቶ ከቆየ በኋላ በሊጡ ላይ የሚንሳፈፈው ውኃ ሲቀዳ፥ እናት ወይም አያት ከዚያው ጥቂት እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ታስቀራለች። የዛሬው እንጀራ ከትናንቱ እርሾ፥ የነገውም ከዛሬው ይወለዳል። ሳታስተውል እርሾዋን የጨረሰች ባለቤት ልጇን ጣሳ አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልካለች። ልጁም በዚያች አጭር መንገድ ሁለት ነገር ይማራል፤ ያልቀረ ነገር እንደማይቀጥል አንድ፥ አንዱ ቤት የጎደለው በሌላው ቤት ሊገኝ እንደሚችል ሁለት።

ከዚህ የበለጠው ትምህርት የዘር ነው። በማሽላና በበቆሎ አገር ለዘር የሚሆነው ራስ የሚመረጠው እህሉ ገና በማሳው ላይ እያለ ወይም ታጭዶ ወደ አውድማ ሲገባ ነው። ዛላው የተሟላ፥ ፍሬው የደመቀ፥ ተባይ ያልነካው ተለይቶ ይመጣና ከምድጃው በላይ ከጣራው ማገር ላይ ይሰቀላል። ከሥር የሚወጣው ጭስ እህሉን ያደርቀዋል፤ ነቀዝንም ያርቅለታል። በዚህ ዓይነት በቤቱ ውስጥ ካለው እህል ሁሉ ምርጡ ከማብሰያው በላይ ተንጠልጥሎ ወራትን ያሳልፋል። ክረምቱ ገፍቶ ጎታው ሲራቆት ልጅ ዓይኑን ወደዚያ ማንሣቱ አይቀርም። የሚያገኘው መልስ ግን አጭር ነው፤ «ያ የመሬት ነው» ይባላል። ልጅ ምርጡ የሚበላው ሳይሆን የሚዘራው መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃል።

የገበታው ሥርዓትም ከዚሁ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። «ከፊትህ ብላ» የሚለው ተግሣጽ ልጁ በአንድ ትሪ ላይ የሌላውን ድርሻ እንዳይሻማ የሚያስተምር ነው። መሬት የወደቀ እንጀራ አንሥቶ መሳም፥ የፈሰሰ እህል አለመርገጥ፥ ለእህል ክብር መስጠት ማለት ለደከመበት ሰውና ላበቀለው መሬት ክብር መስጠት መሆኑን ያሳያል። እነዚህ ልማዶች በአብዛኛው ከምክንያታቸው ጋር የሚነገሩ አይደሉም፤ ልጁ የሚያውቃቸው በመደጋገም ነው።

ከማጀት ውጭም ትምህርቱ ይቀጥላል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ የአገሩን ቁጥቋጦ የሚያውቀው በጣዕሙ ነው። አጋም፥ ቀጋ፥ ኮሽም፥ ዶቅማ፥ እንኮይ፥ ሾላ መቼ እንደሚበስሉ፥ በየትኛው ገደል አፋፍና በየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚገኙ ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በማሽላ ወቅት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚያባርረውም እሱ ነው። ከእሸቱ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ በመሆኑ የእያንዳንዱን ዘር ስምና ጠባይ ይለያል።

በደጋው አገር ደግሞ የጾም ወጥ ከመሬት ለምነት ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን የማያንስ ጾም ስላለ ሽሮ፥ ክክና የባቄላ ምግብ ከማዕድ አይለዩም። ይህን ለማሟላት ገበሬው ስንዴ ወይም ገብስ የነበረበትን ማሳ በሌላው ዓመት ባቄላ፥ አተር ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። በጥራጥሬዎች ሥር ላይ በሚገኙ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ እንደሚያቀርቡ ዘመናዊ ሳይንስ አረጋግጧል። ገበሬው ይህን ቃል ባያውቅም ከባቄላ በኋላ የሚዘራ እህል እንደሚያምር ያውቃል። ሽሮ የሚቆላበት ማጀትና የሚታደሰው ማሳ በአንድ ዑደት ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ስም የወጣለት ዘር

የዚህ ትምህርት ውጤት ምን እንደነበረ ከውጭ መጥተው የመሰከሩ አሉ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገበያውና በየማሳው የእህል ዘር ሰበሰበ። በስንዴውና በገብሱ ዓይነት ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የሰብል ዕፀዋት ከተገኙባቸውና ከበዙባቸው ጥቂት ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መደባት። ይህ ብዛት ከተፈጥሮ ብቻ የመጣ አልነበረም። ደጋና ቆላ፥ ጥቁርና ቀይ አፈር የየራሱን ዘር እንዲሻ ያደረገው ተፈጥሮ ሲሆን፥ ያን ሁሉ እየለየ፥ ስም እያወጣ፥ ለጠላ የሚሆነውን ከእንጀራው፥ ለቆሎ የሚሆነውን ከገንፎው እየመደበ ያቆየው ግን የቤተሰቡ ማዕድ ነው። ምግቡ ባይለያይ ኖሮ ዘሩም ተለያይቶ ባልቆየ ነበር።

ወሎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያሉ የሚጠሯቸው የማሽላ ዘሮች ነበሩ። ስማቸው ራሱ እሸት የቀመሰ አፍ ያወጣላቸው መሆኑን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፥ ከወሎ የተገኙ ሁለት ማሽላዎች ላይሲን የተባለውንና ማሽላ በተለምዶ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ክፍል ከፍ ባለ መጠን እንደያዙ አስታወቁ። ገበሬው በምላሱ ለይቶ ለልጆቹ ያቆየው ማሽላ በቤተ ሙከራ ምስክር አገኘ።

ነገር ግን ያው ዓመት በወሎ የረሃብ ዓመት ነበር። የወሎ ማሽላ በሳይንስ መጽሔት ሲወደስ ያን ማሽላ ያቆየው ገበሬ በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው እልቂት፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የባሰው፥ የማጀትን ትምህርት ከሥሩ የፈተነ ነው። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ወረደ። በሬ ተሸጠ፤ የዘር እህል ተፈጨ። በልጅነቱ «ያ የመሬት ነው» የተባለ አባት ዘሩን በገዛ እጁ አውርዶ ለልጆቹ አበላ።

በዚህ ረገድ አንድ ሌላ ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የሰበሰበው ዘር የተቀመጠው በሌኒንግራድ ነበር። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 በናዚ ጦር ተከብቦ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፥ የዘር ተቋሙ ሠራተኞች በእጃቸው ያለውን ሩዝና ስንዴ ሳይነኩ ጠበቁ፤ ከመካከላቸውም በረሃብ የሞቱ አሉ። ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን አገዛዝ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። የእነዚያ ሰዎች ጽናት ሊደነቅ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ያን ጽናት መለኪያ አድርጎ ዘሩን ያበላውን የወሎን አባት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሳይንቲስቱ የወሰነው በራሱ ነፍስ ላይ ነው፤ ገበሬው የተጠየቀው ግን የልጆቹን ነፍስ ነው። ለሚሞት ልጅ ዘር መንሳት ትምህርት ሊሆን አይችልም። ቤተሰብ ማስቀረትን ማስተማር ይችላል፤ ማስቀረት የሚቻልበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ግን የኅብረተሰቡና የመንግሥት ድርሻ ነው። የማጀት ትምህርት የተሰበረው ይህ ድርሻ ሳይፈጸም በቀረበት ቦታ ነው።

እንሰትና ኩበት

የሰሜኑ ማጀት በእህል ዘር ሲያስተምር፥ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያለው ማጀት መማሪያው እንሰት ነው። በጉራጌ፥ በሲዳማ፥ በጌዴኦ፥ በሐዲያ፥ በከምባታ፥ በጋሞና በሌሎችም አካባቢዎች ዛሬም 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ በእንሰት ላይ የተመሠረተ ኑሮ ይኖራል። ተክሉ ለምግብ የሚለማው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለመብላት እንደ አገሩ ደጋነትና ቆላነት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ የእንሰት ቤት ልጅ የምግብን ነገር በክረምትና በበጋ ብቻ ሳይሆን በዓመታት ይቆጥራል። በአምስት ዓመቱ አፈር ያለበሰው ቡቃያ ለቆጮ ሲደርስ እሱ አሥር ዓመት ሞልቶታል።

የማስቀረት ትምህርት እዚህም አለ። ያልጎለመሰ እንሰት ተቆርጦ ሥሩ ተሰንጥቆ በፍግ ይቀበራል፤ ከአንዱም በርካታ ቡቃያ ይወጣል። ከበሰለው እንሰት ቆጮና ቡላ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ልጃገረዶች እናቶቻቸው ግንዱን ሲፍቁ፥ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ሲቀብሩና ሲያብላሉ እያገዙ፥ የትኛው ዓይነት ለቆጮ፥ የትኛው ለአሚቾ፥ የትኛው ለቃጫ፥ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ይለያሉ። ቅጠሉ ማንጠፊያና መጠቅለያ ነው፤ ትርፉ ለከብት ይሆናል፤ የከብቱ ፍግ ተመልሶ ለእንሰቱ ይሰጣል። በጌዴኦ ይህ ሁሉ ከቡናና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ጋር ተዋሕዶ ጥቅጥቅ ያለ ሕዝብ የሚኖርበትን ተዳፋት አረንጓዴ አድርጎ አቆይቷል፤ አካባቢውም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የዚህ ተቃራኒ ደን በተራቆተበት ደጋ ይታያል። በዚያ ልጆች ከብት ተከትለው እበት ይለቅማሉ፤ እናቶች ጠፍጥፈው በፀሐይ አድርቀው ኩበት ያደርጉታል። ኩበት ሲነድ እንጀራ ይበስላል፤ ነገር ግን ለማሳው የሚገባው ምግብ አብሮ ይቃጠላል። የእንሰቱ አገር ልጅ ፍግ ተሸክሞ ወደ ጓሮ ሲሄድ የደጋው ልጅ ያንኑ ተሸክሞ ወደ ምድጃ ይሄዳል። የሁለቱ ልጆች ትጋት አንድ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ዛፍ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ዛፉ ለምን ጠፋ የሚለው ጥያቄም ወደ ማጀት ይመልሳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱት በዚህ ምክንያት ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር በመሆኑ፥ አንዲት መዲና በምጣድ ምክንያት ልትነሣ፥ በባሕር ዛፍም ምክንያት ልትቀመጥ ቻለች ማለት ነው። የባሕር ዛፉም ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከእንጦጦ ጭነት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ዛፍ በራቀ ቁጥር የልጃገረዷ መንገድ ይረዝማል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥርም ከትምህርት ገበታዋ ትርቃለች።

በገጠርም ቢሆን ዛፍ መትከል የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በብዙ የደቡብ አውራጃዎች ጭሰኛው ከምርቱ እስከ እኩሌታ ድረስ ለባለ መሬት ይከፍል ነበር፤ ከመሬቱም በማንኛውም ጊዜ ሊነቀል ይችላል። ነገ ለሚነቀልበት መሬት ዛፍ መትከል ለሌላ ሰው መድከም ነው። ከአዋጁ በኋላም መሬት በየጊዜው ሲሸነሸንና ሲከፋፈል ያው ሥጋት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ለልጁ «ዛፍን ጠብቅ» ለማለት አባት አስቀድሞ ዛፉ የልጁ እንደሚሆን ማመን ነበረበት።

የተመለሰ ዘር

የተሰበረውን ትምህርት ለመጠገን የተደረገ ጥረትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለሆነው ተቋም መሠረት ነው። ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በድርቁ ዓመታት የማዕከሉ ባለሙያዎች በአደጋ ላይ ከነበሩ አካባቢዎች ዘር እየሰበሰቡ አኖሩ፤ በኋላም ለገበሬዎች እየመለሱ ከእነሱ ጋር በማሳቸው ላይ ማባዛት ጀመሩ። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «የትክክለኛ ኑሮ ሽልማት» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የሥራቸው ዋና ቁም ነገር ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ተቀምጦ እንደማይኖር፥ የሚኖረው እየተዘራና እየተበላ እንደሆነ ማሳየታቸው ነው። እንደ ኤጀሬና ጨፌ ዶንሳ ባሉ የሸዋ ቦታዎች የተቋቋሙት የገበሬዎች የዘር ባንኮች ከምድጃ በላይ ለተሰቀለው ዛላ ሰፊ ቤት እንደ መሥራት ናቸው። አንዱ ቤት በክፉ ቀን ዘሩን ቢበላ ከባንኩ ይበደራል፤ እርሾ ያለቀባት እናት ከጎረቤት እንደምትበደር ማለት ነው።

በማገዶውም በኩል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠርቶ ወጣ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንዲት እናት በዚህ ምድጃ ስትጋግር የምታስቀረው እንጨትን ብቻ አይደለም፤ ልጇ በሸክም የምታጠፋውን ሰዓትም ታስቀራለች። ልጃገረዷ የማጀትን ዕውቀት ይዛ፥ የማጀትን ጫና ግን ጥላ እንድታድግ የሚያስችለው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ለወንድሟም ቢሆን ማጀት የተከለከለ ቦታ ሆኖ ሊቀጥል አይገባም። የሚበላውን እህል አመጣጥ የማያውቅ ወንድ ልጅ ግማሽ ትምህርት የጎደለው ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ጉዳይ ዛሬ በይበልጥ የሚመለከተው የከተማውን ልጅ ነው። እንጀራን ከሱቅ በፌስታል፥ ሽሮን ከፋብሪካ በከረጢት የሚያውቅ ልጅ እርሾም፥ ዛላም፥ ፍግም አያይም። ለእሱ «ተፈጥሮን ተንከባከብ» የሚለው ቃል በመጽሐፉ ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። ቤተሰቡ ሊያስተምረው ቢፈልግ እንኳ ማሳው ሩቅ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በስፋት ሲጀመር፥ ትምህርት ቤቱም ማጀት ያለው ሆኗል። በዚያ ማጀት የሚያበስሉት ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ከእነሱም መካከል ዘር መምረጥና እርሾ ማቆየት የሚያውቁ አይጠፉም። ዕውቀቱ ከልጆቹ የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነው።

መምህሩ ያን ግድግዳ የሚከፍት በር ሊሆን ይችላል። በምገባ ሰዓት የቀረበው ምስር ከየትኛው አገር መሬት እንደመጣ ለመጠየቅ፥ የጎመኑን ልጣጭና የምግቡን ትርፍራፊ በጓሮ ጉድጓድ አብላልቶ ለአትክልት ማዳበሪያ ለማድረግ፥ በሁለት መደብ አንዱን በባቄላ ሌላውን በገብስ ዘርቶ በሚቀጥለው ዓመት ለማለዋወጥ፥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሥነ ጽሑፍና የሥዕል ሰውም ማጀትን የጭለማና የድካም ቦታ አድርጎ ብቻ ከማሳየት አልፎ፥ በዚያ የኖረውን ዕውቀት ከነክብሩ ከነሸክሙ ሊገልጸው ይገባል። የአስተዳደር ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉ የከበደው ድርሻ አለበት። ልጆች የተማሩትን ማስቀረት እንዲችሉ ቤታቸው ጎታው የማይራቆት፥ መሬቱ የማይናወጥ፥ ክፉ ቀን ሲመጣም አለኝታ ያለው መሆን አለበት።

ዘር በጭስ መካከል ተሰቅሎ ክረምትን ያሳለፈው እናቶች ብርቱ፥ ልጆችም ታዛዥ ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚበላ ሌላ እህል ስለነበረ ነው። የማጀት ትምህርት ለመጪው ትውልድ እንዲደርስ ከተፈለገ፥ በምድጃው ላይ ያለው ዛላና በምድጃው ውስጥ ያለው ድስት ሁለቱም ሙሉ ሊሆኑ ይገባል።